አንቲባዮቲክ ስለተቀባ የጥርስ ኢምፕላንት፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ሥራዬ የጥርስ ሥርን ተክቶ መንጋጋ ውስጥ በሚገባ የቲታኒየም ኢምፕላንት ገጽ ላይ በሚቀቡ ነገሮች ላይ ነው። ጠይቁ። አስቀድሜ ግን፦ ማንም የካፕሱል ዱቄት ቁስሉ ላይ እንዳይነሰንስ።

ሕሊና፦ ዶክተር፣ አንቲባዮቲክ እንዴት አጥንት ያበቅላል?

መላሽ፦ አብዛኛው አያበቅልም፤ ቦታ ይጠብቃል እንጂ። ቲታኒየሙ መንጋጋ ውስጥ እንደገባ የአጥንት ሴሎችና ባክቴሪያዎች ገጹን ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ። ባክቴሪያ ከቀደመ ባዮፊልም የሚባል የሚያጣብቅ ሽፋን ሠርቶ ይመሽጋል፤ ከዚያ በኋላ በሚዋጥ መድኃኒት ማስለቀቅ ጭንቅ ነው። የቴትራሳይክሊን ወገን ግን ለብቻው ነው፤ እሱን ካነሳችሁብኝ አላቆምም። ከዚሁ ወገን የሆነው ዶክሲሳይክሊን ባክቴሪያን ከመግታቱ ሌላ ኮላጅን የተባለውን ፕሮቲን የሚበሉ ኤንዛይሞችን ያፍናል፤ አጥንት ደግሞ ማዕድን የሞላው የኮላጅን መረብ ነው። ለድድ በሽታ 20 ሚሊ ግራም ብቻ፣ ባክቴሪያ በማይነካ መጠን፣ የሚታዘዘው ለዚሁ ነው። ካልሲየም ስለሚስበውም ሃይድሮክሲአፓታይት (ካልሲየም ያለበት የአጥንት ማዕድን) በተለበጠ ገጽ ላይ ይጣበቃል። የሕፃናትን ጥርስ የሚያበልዘውም ይኸው ጠባዩ ነው።

ጥላሁን፦ እንግዲያው በብዛት ቢቀባስ?

መላሽ፦ ሌላው አንቲባዮቲክ ጄንታማይሲን ሲበዛ የአጥንት ሴሎችንም ያደክማል። ዋናው ጣጣ ደግሞ አለቃቀቁ ነው። እንዲሁ የተቀባ መድኃኒት አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ታጥቦ ይሄዳል፤ የቀረው ለሳምንታት ሲንጠባጠብ ባክቴሪያውን ሳይገድል ያለማምደዋል።

ሳባ፦ ጥሩ ነው ወይ?

መላሽ፦ ምኑ? ለማን?

ብሩክ፦ የአጥንት ሐኪሞች ጄንታማይሲንን ሰው ሠራሽ ዳሌ ከሚያጣብቁበት ሲሚንቶ ጋር መቀላቀል የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ ነው። አዲስ ነገር አታስመስሉት።

ሄኖክ፦ ዳሌ በቆዳ ተከድኗል፤ ኢምፕላንት ድድ ቀዶ አፍ ውስጥ ይወጣል። ምኑ ይገናኛል? ይልቅ ብር የተባለው ማዕድን ይቀባ።

ብሩክ፦ ብርም ሲበዛ ለሴል መርዝ ነው።

መላሽ፦ ስለ ዳሌው ሄኖክ ልክ ነው። የብሩን ክርክር ሌላ ቦታ ጨርሱት።

ጥላሁን፦ ታዲያ አጥንት ያበቅላል ማለት ነው?

መላሽ፦ ከላይ መልሻለሁ። ያንብቡት።

ሳባ፦ የት ይገዛል?

መላሽ፦ አብዛኛው ገና በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ የሚሞከር ነው። ሻጭ አይደለሁም።

ወይንሸት፦ ኢምፕላንቴ ከገባ ሁለት ወሩ ነው፤ ይነቃነቃል። ዶክሲሳይክሊን ልዋጥ?

መላሽ፦ አይዋጡ። ወይ በላዩ የታሰረው ብሎን ላልቷል፣ ወይ አጥንቱ አልያዘም፤ ሁለቱንም ክኒን አያጠብቃቸውም። የተከለልዎት ሐኪም ዛሬ ይየው። ዱቄትም እንዳይነሰንሱበት።