የአኒሺናቤ ሕዝብ በቅኝ ግዛት ዘመን፦ ጥያቄና መልስ

በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዙሪያ ስለሚኖሩት አኒሺናቤዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች ውስጥ ለእነዚህ መልስ ተሰጥቷል። ዓመታቱም ወራቱም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንዱ ኦጂብዌ ይላል፣ ሌላው ቺፕዋ፣ ሌላው አኒሺናቤ። ሦስት ሕዝብ ነው?

መልስ፦ ኦጂብዌና ቺፕዋ አንድ ቃል ነው፤ ፈረንጆች እንደሰሙት ለየቅል ጻፉት። የአሜሪካ መንግሥት ውሎች ላይ «ቺፕዋ» የሚለው ስለገባ የድሮ ሰነድ የሚያገላብጥ ሰው ሁለቱንም ስም መፈለግ አለበት። አኒሺናቤ እነሱንና ዘመዶቻቸውን የሚያቅፍ ሰፊው ስም ነው። ኦጂብዌ፣ ኦዳዋና ፖታዋቶሚ «የሦስቱ እሳቶች ጉባኤ» የሚባል ኅብረት ነበራቸው።

ጥያቄ፦ ከፈረንሳዮች ጋር ተስማምተው ኖረው ከእንግሊዞች ጋር ወዲያው የተዋጉት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ፈረንሳዮቹ ቁጥራቸው ትንሽ ነበር፤ ዋነኛ ፍላጎታቸውም ቢቨር የሚባለው የውሃ ዳር እንስሳ ቆዳ እንጂ የእርሻ መሬት አልነበረም። በተለይ የሚፈለገው ሰው ለብሶ ያሳደፈው ካባ ነው። ጠጉሩ ወደ ውስጥ ሆኖ አንድ ሁለት ክረምት ሲለበስ ሻካራው ጠጉር ይረግፍና ለስላሳው ሥረ ጠጉር ብቻ ይቀራል፤ የአውሮፓ ባርኔጣ ሠሪም የሚሻው እሱን ነበር።

ንግዱ ከስጦታ ጋር የተሳሰረ ነው። የፈረንሳይን ገዥ «አባት» ብለው ይጠሩት ነበር፤ በአኒሺናቤ ቤት ግን አባት ማለት የሚሰጥ እንጂ የሚያዝ አይደለም። ይህ ቃል ብዙ ጸሐፊዎችን አሳስቷል። በ1760 ሞንትሪያል በእንግሊዝ እጅ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል አምኸርስት ስጦታውን ቆረጠ፣ ባሩዱንም አሳነሰ። ባሩድ ያጣ አዳኝ ክረምቱን ልጆቹን የሚያበላው የለውም። በ1763 የኦዳዋው ፖንቲያክ ዲትሮይትን ከበበ። ሰኔ 2 ቀን ደግሞ ኦጂብዌዎች ከሚሺሊማኪናክ ምሽግ ደጅ የኳስ ጨዋታ ጀመሩ፤ ኳሷ ወደ ግቢው ስትገባ ተከትለዋት ገቡ፤ ሴቶቹ በብርድ ልብሳቸው ሥር ደብቀው የያዙትን መሣሪያ አቀበሏቸው፤ ምሽጉም ተያዘ።

ጥያቄ፦ በፈንጣጣ የተበከለው ብርድ ልብስ የተሰጠው ለእነሱ ነው?

መልስ፦ አይደለም። እንግሊዞች በዚያው በ1763 ፎርት ፒት በሚባለው ምሽጋቸው የሰጡት ደላዌር ለሚባለው ሌላ የአገሬው ሕዝብ ሰዎች ነው።

ጥያቄ፦ ውሉን ከፈረሙ መሬቱን ሸጠዋል፤ ዛሬ ምን ይጠይቃሉ?

መልስ፦ እባክዎ ውሎቹን ራሳቸውን ያንብቡ። ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገው የ1837ቱ ውል መሬቱ ቢለቀቅም የማደን፣ የማጥመድና የዱር ሩዝ የመሰብሰብ መብት በግልጽ ተጽፏል። ፕሬዚዳንት ቴይለር በ1850 ይህን መብት በትእዛዝ ሻረ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1999 ትእዛዙ ዋጋ የለውም፣ መብቱም አለ ብሎ ፈረደ። በካናዳ በኩል በ1850 የተፈረሙት የሮቢንሰን ውሎች የመሬቱ ገቢ ሲያድግ ዓመታዊው ክፍያ እንዲያድግ ይላሉ። ክፍያው በ1875 ለአንድ ሰው 4 ዶላር ደረሰ፤ እዚያው ቀረ። ማዕድኑና እንጨቱ ግን ሲወጣ ኖሯል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 መንግሥት ውሉን አፍርሷል ብሏል።

ጥያቄ፦ ሳንዲ ሌክ ላይ የሆነው ምንድን ነው?

መልስ፦ የዊስኮንሲን ኦጂብዌዎች ዓመታዊ ክፍያቸውን የሚቀበሉት በሱፒሪየር ሐይቅ፣ በማደሊን ደሴት ላ ፖይንት ነበር። ባለሥልጣናት ሕዝቡ ወደ ሚኒሶታ እንዲፈልስ ስለፈለጉ በ1850 የክፍያውን ቦታ ወደ ሳንዲ ሌክ አዛወሩት፤ ጊዜውንም ወደ ጥቅምት መጨረሻ አደረጉት። ሐሳቡ ወንዞቹ በረዶ ከሆኑ ጀልባ አይሄድም፣ ሰውም መመለስ ያቅተዋል የሚል ነበር። ወደ 3,000 ሰው ደረሰ፤ የሚከፍል አልነበረም። ስድስት ሳምንት ያህል የተበላሸ ምግብ እየበሉ ጠበቁ፤ ኩፍኝና ተቅማጥ ገባባቸው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ከሚገባቸው ጥቂቱን ዕቃ ብቻ ተቀበሉ። ጀልባቸውን ጥለው በበረዶ ላይ በእግር ተመለሱ። ወደ 150 ሰው እዚያው፣ ከ200 በላይ በመንገድ ሞተ።

የታሰበው ግን አልሆነም። ከ90 ዓመት በላይ የሆናቸው አለቃ ከቼዋይሽኬ፣ በእንግሊዝኛ ቡፋሎ የሚሏቸው፣ በ1852 ዋሽንግተን ድረስ ተጉዘው ፕሬዚዳንት ፊልሞርን አነጋገሩ። የማፍለሱ ትእዛዝ ተነሣ፤ በ1854ቱ የላ ፖይንት ውልም በገዛ አገራቸው ቋሚ ይዞታ ተከለለላቸው።

ጥያቄ፦ ሁሉም እንዲህ ተረፉ?

መልስ፦ አልተረፉም። በ1838 ከኢንዲያና 859 ፖታዋቶሚዎች በወታደር ተነድተው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ እስከ ካንሳስ ሄዱ። ከ40 በላይ ሰዎች በመንገድ ሞቱ፤ የሚበዙት ሕፃናት ናቸው።

ጥያቄ፦ ማንበብ ሳይችሉ እንዴት ይፈርሙ፣ እንዴትስ አቤት ይሉ ነበር?

መልስ፦ ዶደም በሚሉት የጎሳቸው እንስሳ ሥዕል ነው፤ «ቶተም» የሚለው ቃልም የመጣው ከዚህ ነው። በ1849 ወደ ዋሽንግተን የወሰዱትን በበርች ዛፍ ልጥ ላይ የተሣለ አቤቱታ ልብ ብለው ይዩት። ከፊት አጅጃክ የሚሏት ባለ ረጅም እግር ወፍ አለች፤ ከኋላዋ ድብና አምባዛን ጨምሮ ሌሎቹ ጎሳዎች ተሰልፈዋል። ከእያንዳንዱ ዓይን ወደ እሷ ዓይን፣ ከእያንዳንዱ ልብም ወደ እሷ ልብ መስመር ተሰምሯል፤ ሁላችንም አንድ እናያለን፣ አንድ እናስባለን ማለት ነው። ከመሪዋ ዓይን ደግሞ አንድ መስመር ወደ ኋላ ዞሮ የዱር ሩዝ ወደሚያበቅሉት ትንንሽ ሐይቆች ይሄዳል። እንዲተዉላቸው የለመኑት እነዚያን ሐይቆች ነው።