ዴድላይን ወይስ ቀነ ገደብ?

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ "ዴድላይን" የማይል ሰው የለም። እኔ "ቀነ ገደብ" ስል "ዜና አነበብሽብን እኮ!" ብለው ይስቃሉ። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ ዴድላይን ማለት በቀጥታ "የሞት መስመር" ነው አለኝ። እውነት ነው? የቱን ልጠቀም?

መልስ፦ ባልደረባዎ እውነታቸውን ነው። መስመሩም ሞቱም የምር ነበሩ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1864፣ ተገንጣዮቹ የደቡብ ግዛቶች ጆርጂያ ውስጥ አንደርሰንቪል ላይ የምርኮኞች እስር ቤት ከፈቱ። ከግንዱ አጥር 6 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቀጭን የእንጨት አግዳሚ ተዘረጋ። ያንን ያለፈ ምርኮኛ ማማ ላይ ያለው ዘበኛ ይተኩስበታል። ዴድላይን የተባለው እሱ ነው። ኋላ ቃሉ ማተሚያ ቤት ገባና ፊደል ካለፈው የማይታተምበት መስመር መጠሪያ ሆነ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ለጽሑፍ ማስረከቢያ ሰዓት አዋሉት።

እኛ ጋ ሲደርስ ግን መስመሩም ሞቱም የሉም። የመጣልን ምሳሌያዊ ፍቺው ብቻ ነው። እኔን የሚቆጨኝም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም የኛው "ገደብ" እማሬያዊ (ቀጥተኛ) ፍቺው ዛሬም በሕይወት አለ። ከ"ደመረ" ድምር፣ ከ"ከመረ" ክምር እንደሚወጣ ሁሉ ከ"ገደበ" ግድብ ይወጣል። ከ"ወሰነ" ወሰን እንደሚወጣ ደግሞ ገደብ። ግድብና ገደብ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። መስኖ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ገበሬው ቦዩን በሣርና በጭቃ ይደፍነዋል፣ ውሃው ይጠራቀማል፣ ይገፋል፣ ካልተጠነቀቁለት ጥሶ ይሄዳል። ለዚህ ነው ገደብ "ይጣሳል" የምንለው። ስሙ ግሡን ይዞ ይመጣል። ዴድላይንን ሲዋሱ ግን ግሡንም መዋስ ይከተላል፤ "ዴድላይኑን ሚስ አደረግኩት" ይባላል፣ እና ከአረፍተ ነገሩ አማርኛ የቀረው "አደረግኩት" ብቻ ነው!

"ቀነ ገደብም እኮ ከእንግሊዝኛው የተገለበጠ ነው፣ ስለዚህ ልዩነት የለውም" የሚሉ አሉ። አልስማማም። የተገለበጠ ቢሆን "መስመር" የሚል ነገር ይኖርበት ነበር። እንዲያውም በመንፈስ ለዴድላይን የሚቀርበው ቃላችን "ሰዓት እላፊ" ነው፤ "አለፈ" ከሚለው ግሥ የወጣ፣ ሰዓት ላይ የተሰመረ መስመር። የደርግን ዘመን አዲስ አበባ ላይ ያሳለፈ ሰው ያ መስመር ምን ማለት እንደነበር አይጠፋውም።

ሌላው ክርክር ጠንከር ይላል። "ቀን" አማርኛ ነው፣ ግእዙ ዕለት ወይም መዓልት ነው፤ ታዲያ እንደ "ቤተ መጻሕፍት" በግእዝ ዘርፍ አያያዝ፣ ማለትም የፊተኛውን ስም መጨረሻ ወደ "ኧ" ቀይሮ፣ "ቀነ" ማለት ቅይጥ አይሆንም ወይ? ይሆናል። ሕጉን ከተከተልን "ዕለተ ገደብ" ማለት ነበረብን። እኔ ግን ቀነ ገደብን እወደዋለሁ፤ ለጆሮ ይጥማል፣ ሌላ ማስረጃ የለኝም።

አንድ ነገር ግን ይለዩ። "የሦስት ወር የጊዜ ገደብ" ሲባል የቆይታው ርዝመት ነው። ቀነ ገደብ ማብቂያው ቀን ነው። ጉዳዩ የሰዓት ከሆነ፣ ለምሳሌ ዛሬ 11 ሰዓት ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ "ቀነ" ያለ ቦታው ይገባል። እዚህ ላይ ዴድላይን ይበልጠናል፤ ለቀንም ለሰዓትም ይሆናልና። ደግሞም "ዴድላይኑ"፣ "ዴድላይናችን" እየተባለ አማርኛ ለብሷል። በንግግር ከእንግዲህ የሚመልሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሳልወድ እቀበላለሁ።

በጽሑፍ ግን፣ በደብዳቤም በማስታወቂያም፣ ቀነ ገደብ ይበሉ። "እስከ አርብ" ብለውም አይተዉት፤ አርብ ይቆጠር አይቆጠር ሁልጊዜ ያጨቃጭቃል። "ቀነ ገደቡ አርብ ነው፣ አርብንም ይጨምራል" ብለው ይጻፉ። የሚስቅም ካለ ቃሉ ከየት እንደመጣ ይንገሩት።