«አደገኛ»፣ «መለዋወጫ» ወይስ «ለደኅንነት ወሳኝ»?

ጥያቄ፦ ገላን ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንገጣጥማለን። ለምርት ማረጋገጫ በምናቀርበው ሰነድ ላይ፣ ቢበላሹ ሰው የሚጎዱ ክፍሎችን ለይተን መዘርዘር አለብን። ለዝርዝሩ ርእስ አንዳችን «አደገኛ ክፍሎች»፣ ሌላችን «ወሳኝ መለዋወጫዎች» እንላለን። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም። «አደገኛ» አደጋ የሚያመጣ ነው፤ ፊውዝ ግን የሚገባው አደጋ ሊከላከል ነው። «መለዋወጫ» የተበላሸውን ለመተካት የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ከአዲስ ምጣድ ጋር የሚወጣ ቴርሞስታት (ሙቀቱ ሲበቃ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው ክፍል) ምኑንም አልተካም። «የደኅንነት ክፍሎች» ቢሉ ደግሞ አንባቢው ስለ ጸጥታ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ይመስለዋል።

«ወሳኝ» ጥሩ ቃል ነው፤ ብቻውን ሲቆም ግን «ለምኑ?» ያሰኛል። ያለ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ምጣዱን ከሚያግለው ሽቦ ውጭ፣ እንጀራ አይጋገርም፤ ስለዚህ እሱም ወሳኝ ነው፣ ለሥራው። «ለደኅንነት ወሳኝ የሆኑ ክፍሎች» ይበሉ። ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባውንና የማይገባውን የምትለየው ያቺ «ለ» ናት። እያንዳንዱን ክፍል ይዘው «ይህ ቢበላሽ ኤሌክትሪክ ሰው ይይዛል? እሳት ይነሣል?» ብለው ይጠይቁ። ቴርሞስታቱ ተጣብቆ አልቆርጥ ቢል ምጣዱ ያለ ገደብ ይግላል፤ ይግባ። የመሬት ሽቦው ማሰሪያ ከላላ፣ ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ የምጣዱን ብረት የነካ ዕለት የሚነካውን ሰው የሚያድን የለም፤ ይግባ። ገመዱ፣ መሰኪያው፣ ማብሪያ ማጥፊያው፣ የሽቦ ማገናኛው እንዲሁ። ሬዚስታንሱ ቢበጠስ አብዛኛውን ጊዜ መጋገር ይቆማል፤ የተበጠሰው ጫፍ ብረቱን ከነካ ግን ሌላ ነው፤ ስለዚህ ከብረቱ የሚለየውን መከላከያ አይርሱ።

ጥያቄዎ ስለ ርእሱ ቢሆንም ስሕተቱ የሚበዛው ከርእሱ በታች ነው። «ቴርሞስታት ወይም ተመሳሳይ» ብለው አይጻፉ። «ተመሳሳይ» የመልክ ቃል ነው። ለዓይን አንድ የሆኑ ሁለት ቴርሞስታቶች አንዱ 10፣ ሌላው 16 አምፔር ሊችል ይችላል። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ባለ 10ሩ ከገባ በውስጡ ያለው ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው መገናኛ ከመጠን በላይ ይግልና ሊጣበቅ ይችላል። «አቻ» ትንሽ ይሻላል፣ ግን እሱም በምን አቻ እንደሆነ አይናገርም። አማራጭ ካለዎት ሁለተኛውንም በራሱ ረድፍ ይጻፉት፦ አምራች፣ ሞዴል፣ ቮልት፣ አምፔር፣ የሚችለው ሙቀት፣ የተፈተነበት ደረጃ (ለቴርሞስታት የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ፣ አይኢሲ 60730)። በዝርዝሩ የሌለ ዕቃ መግጠም ሲያስፈልግ፣ ከመግጠምዎ በፊት ማረጋገጫውን ለሰጠው አካል ያሳውቁ።