የሆኪ ግብ ጠባቂ የእግር ፓድ፦ ጠይቁኝ

የምኖረው ቶሮንቶ ነው። ልጄ በበረዶ ሆኪ ጎል ከቆመች ስድስት ዓመት ሆናት። ስለ ፓድ፣ ማለትም ግብ ጠባቂ እግሩ ላይ ስለሚያስረው ወፍራም መከላከያ፣ ለላካችሁልኝ ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ 10 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ 1.40። ስንት ቁጥር ልግዛለት?

መልስ፦ ፓድ በዕድሜም በቁመትም አይገዛም፤ በቅልጥም ርዝመት ነው። የበረዶ መንሸራተቻ ጫማውን አድርጎ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ጉልበቱን ይጠፍ። ሜትሩን እግሩ ከፊት በኩል ከሚታጠፍበት ከቁርጭምጭሚቱ ጀምረሽ እስከ ጉልበቱ ሎሚ መሃል ለኪ። ያንን ይዘሽ የፋብሪካውን ሰንጠረዥ እዪ። ቮን እና ባወር የሚባሉት ፋብሪካዎች 30 ቁጥር አንድ ነው ብለሽ እንዳትገዢ፤ ሰንጠረዡ በየፋብሪካው ይለያያል።

ጥያቄ፦ 34+1 ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

መልስ፦ 34ቱ የፓዱ ቁጥር ነው፣ በኢንች። +1 ደግሞ ከጉልበት በላይ ጭን ላይ የሚጨመረው ርዝመት።

ጥያቄ፦ ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጌ ብገዛ አያድግበትም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም ጫማና ኮት ሲገዛልኝ «ያድግበታል» እየተባለ ነው ያደግሁት። ለልጄም እንዲሁ አደረግሁ፤ አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት አበላሸሁባት። በተርፍላይ ስትወርድ፣ ማለትም ሁለቱም ጉልበቶቿ በረዶው ላይ አርፈው እግሮቿ ወደ ጎን ሲዘረጉ፣ የፓዶቹ ጫፍ ጭኗ መሃል ተጋጭቶ እግሯን እንደልቧ እንዳትገጥም ያግዳት ነበር። ጉልበቷም ማረፊያው ስፖንጅ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ያርፍ ነበር። ማታ ጉልበቷን በበረዶ ከረጢት ይዛ ስትቀመጥ ነው ስህተቴ የገባኝ። ለማደግ አንድ ኢንች ይበቃል፤ ከዚያ አትለፍ። በጣም ማጠርም ይጎዳል፤ ሲንበረከክ ጭኖቹ መሃል ክፍተት ይተዋል፣ ፓኩም (የሚመታው ክብ ጎማ) በዚያው ይገባል።

ሱቅ ውስጥ ሳትከፍል በፊት ለልጁ ፓዱን አስረህለት ምንጣፍ ላይ አንበርክከው። እጅህን ከኋላ አስገብተህ ዳብስ፤ የጉልበቱ ሎሚ ማረፊያው መሃል ላይ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ለስላሳ ይሻላል ወይስ ደረቅ?

መልስ፦ ፓክ 170 ግራም ገደማ የሚመዝን ጠንካራ ጎማ ነው። ደረቁ ፓድ አርቆ ይመልሰዋል፤ ለስላሳው አብርዶ ፊት ለፊት ይጥለዋል፣ እንደልብም ይታጠፋል። ለጀማሪ ልጅ መካከለኛውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሰፋ ያለ ብገዛ ብዙ ጎል አይሸፍንም?

መልስ፦ ኤንኤችኤል፣ የሰሜን አሜሪካ የባለሙያዎች ሆኪ ሊግ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ትልቁን ስፋት ከ12 ወደ 11 ኢንች አውርዶታል። በስፋት የሚገኝ ትርፍ የለም።

ጥያቄ፦ አዲሱ ዋጋው አይቀመስም። ያገለገለ ልግዛ?

መልስ፦ ግዢ እህቴ፣ ምንም ነውር የለውም። የባለሙያዎቹ ፓድ ከ2,000 የካናዳ ዶላር በላይ ነው፤ ልጅ ደግሞ በሁለት ዓመት ይጠበዋል። የጉልበቱን ማረፊያ በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፤ ተጨፍልቆ ከቀረ ተዪው። በረዶው ላይ የሚንሸራተተው የውስጥ ጠርዝ የተተለተለ እንዳይሆን፣ ማሰሪያዎቹም እንዳልላሉ እዪ። ከሁሉ በፊት ግን የሰፈራችሁን የሆኪ ማኅበር ጠይቂ፤ ለትንንሽ ልጆች የግብ ጠባቂ ዕቃ የሚያውሱ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ማሰሪያውን ምን ያህል ላጥብቅ?

መልስ፦ ባቱ ላይ ላላ አድርገው። ሲንበረከክ ፓዱ ዞሮ ፊቱን ለመቺው መስጠት አለበት፤ ካጠበቅከው አብሮ ተጣብቆ ይቀራል፣ ዳሌውንም ይጎትተዋል።