ማሴ ፈርጉሰን 135፦ ፍሬን ሲይዝ ወደ ቀኝ የሚጎትት ትራክተር

ጥያቄው ከአርሲ ነው። አንድ ገበሬ በማሴ ፈርጉሰን 135 ተጎታች እየሳቡ 30 ኩንታል ስንዴ ያመላልሳሉ። ሁለቱን የፍሬን ፔዳል (አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ የኋላ ጎማ) አያይዘው ሲረግጡ ትራክተሩ ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ ለየብቻ ሲረግጡ ደግሞ የግራው እስከ ታች ይወርዳል። ከፔዳሉ ወደ ፍሬኑ የሚሄደውን ዘንግ አሳጥረው ለውጥ አላገኙም። «የፍሬን ዘይት ይጨመርበት» ያሏቸውም አሉ።

ዘይቱን ይተዉት። የዚህ ትራክተር ፍሬን ዘይት የለውም፤ ከፔዳሉ እስከ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ) የሚሠራው በብረት ዘንግ ነው። ታምቡሩ አካባቢ እርጥበት ካዩ ከአክስሉ የወጣ የካምቢዮ ዘይት ነው።

ወደ ቀኝ መጎተቱ ቀኙ ይዞ ግራው እንዳልያዘ ያሳያል፤ የፔዳሉ መውረድም ይህንኑ ይደግፋል። ቢሆንም ሁለቱንም ጎን ይፈትሹ፤ ትንሽ ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ (ታምቡሩን ከውስጥ ፈትጎ የሚይዘው) አንዳንዴ ከደረቁ ብሶ ያንቃል፣ በደንብ ሲርስ ነው የሚንሸራተተው።

ዘንጉን ወደ ነበረበት ይመልሱት። ሸራ ሲሳሳ ክፍተቱ የሚስተካከለው ታምቡሩ ውስጥ ባለው ባለጥርስ ማስተካከያ ነው። ዘንጉ ሲያጥር ከኋላ ዘንጉ የሚስበው ክንድ ዘንበል ይላል፤ ፔዳሉ በሚረገጥበት ሰዓት ክንዱና ዘንጉ ወደ 90 ዲግሪ ካልተጠጉ ደግሞ የእግርዎ ጉልበት በከንቱ ይቀራል። ዘንግ የሚነካው መጨረሻ ላይ፣ ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ እንዲይዙ ብቻ ነው።

ተጎታቹን ፈትተው ደልዳላ መሬት ላይ ይቁሙ። የፊት ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ይያዙ፣ ማርሹን ፎሌ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። የግራውን የኋላ ጎማ በክሪክ ካነሱ በኋላ አክስሉን በጠንካራ ግንድ ይደግፉ፤ በክሪክ ብቻ ተማምኖ ሥር መግባት አይገባም።

ከጎማው በስተውስጥ ባለው የፍሬን ሳህን ላይ በላስቲክ የተደፈነ ቀዳዳ አለ። በዚያ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ያስገቡና ባለጥርሱን ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል ያጥብቁ። ሸራዎቹ መሃል እንዲይዙ ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ ይርገጡ፣ ከላላ እንደገና ያጥብቁ፣ ከዚያ ጎማው በነጻ እስኪዞር ይመልሱት፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ጥርስ ይበቃል። ቀኙንም እንዲሁ።

እስከ መጨረሻው አጥብቀውት ጎማው አሁንም ከዞረ፣ ወይም ቀዳዳው ዘይት ከተፋ፣ ታምቡሩ መከፈት አለበት። ጎማውን ያውልቁ፣ ማስተካከያውን በደንብ ያላሉ (ያለዚያ የታምቡሩ ጠርዝ ሸራውን ይዞ አይወጣም)፣ ሁለቱን ቪቶች ፈትተው ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ ይምቱት። አቧራውን በኮምፕረሰር አይንፉ፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ሞላዎቹን ከመንቀልዎ በፊት አቀማመጣቸውን በስልክ ፎቶ ያንሱ።

ሸራውን የያዘው ሪቬት ሸራው ገጽ ላይ ሊደርስ ከተቃረበ ሸራው አልቋል። ዘይት የጠጣውን በቤንዚን ማጠብ ዋጋ የለውም፤ ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ያወጣል። የሁለቱንም ጎማ ሸራ አብረው ይቀይሩ፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ መጎተቱ ይቀጥላል። ሸራውን የሚገፋው ካም ዝጎ እንዳይደርቅ አጽድተው ግራሶ ስስ አድርገው ይቀቡት፤ ብዙ ከተቀባ ቀልጦ ሸራው ላይ ይደርሳል። የተሰነጠቀ ታምቡር ይጣላል፤ ሞላላ የሆነው፣ ማለትም ሲይዝ ፔዳሉን የሚያንቀጠቅጠው፣ ቶርኖ ቤት ይሂድ።

ከአክስሉ የሚፈሰውን ዘይት ሳያቆሙ ሸራ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት በመለኪያው ይዩ፤ ከልክ በላይ ከተሞላ ወደ አክስሉ ይገፋል። ልኩ ደህና ከሆነ ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) ነው። ጎማው ገና ተነሥቶ ሳለ ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት፤ ከተንቀሳቀሰ የአክስሉ ኩሽኔታ ተበልቷል፣ አዲስ ፓራኦሊዮም ቶሎ ይበላሻል። የኩሽኔታው ማቆሚያ ቀለበት በኃይል የተገባ ስለሆነ ይህን ፕሬስ ላለው ጋራዥ ይስጡ።

ሲጨርሱ ተጎታቹን ሳይቀጥሉ፣ ደረቅ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ እየነዱ ፔዳሎቹን ለየብቻ ከዚያም አያይዘው ይሞክሩ። አዲስ ሸራ መጀመሪያ የሚነካው በከፊል ስለሆነ ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ማስተካከያውን ደግመው ያጥብቁ። እስከዚያ 30 ኩንታል፣ ማለትም ከትራክተሩ ክብደት እጥፍ ገደማ፣ ቁልቁለት ይዘው አይውረዱ።