ገንዘቡ የሚመለስ ትኬት ገዝቶ ላውንጅ መግባት ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የኮምቦልቻ ነጋዴ ነኝ፣ ዱባይ እመላለሳለሁ። ከኮምቦልቻ ቦሌ በጊዜ እደርስና የዱባዩ በረራ ማታ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ እጉላላለሁ። ጓደኛዬ አንድ መላ አሳየኝ። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ የሚመለስ የቢዝነስ ክላስ ትኬት እገዛለሁ፣ በሱ ላውንጅ (የአየር ማረፊያው የተሳፋሪዎች ማረፊያ ክፍል) ገብቼ እበላለሁ፣ አርፋለሁ፣ ከዚያ ሰርዤው በርካሹ ትኬቴ እሄዳለሁ። ሕጉ ይፈቅዳል፣ ማንንም አልጎዳሁም። በጾም ደግሞ የጾም ምግብ ብቻ ነው የምበላው። ኃጢአት አለበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጾሟ ነገር አሳቀችኝ። ወተቱን ትተህ ውሸቱን ካልተውክ ምኑን ጾምከው?

ትኬት መመለስ በራሱ ነውር የለውም። ልጅህ ቢታመም ወይም ሥራህ ቢሰናከል፣ ላውንጅ ገብተህ ሻይ ጠጥተህ ቢሆን እንኳ፣ ገንዘብህን ጠይቅ፣ መብትህ ነው። ያንተ ግን ሌላ ነው። ስትገዛው ጀምሮ ልትሄድበት አላሰብክም። ላውንጁ በር ላይ የመሳፈሪያ ካርዱን ስታሳይ «በዚህ በረራ ተሳፋሪ ነኝ» እያልክ ነው፣ አይደለህም። ደሴ ፒያሳ ሱፍ ገዝቶ፣ ሠርግ ጨፍሮበት፣ በማግስቱ «አልሆነኝም» ብሎ እንደሚመልስ ሰው ማለት ነው።

«ሕጉ ይፈቅዳል» ላልከው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5ን አንብብ። ሐናንያ የሸጠው መሬት የራሱ ነበር፣ ገንዘቡም በእጁ ነበር፤ ይህንን ጴጥሮስ ራሱ ነግሮታል። ያስቀጣው ከገንዘቡ ማስቀረቱ ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ለሐዋርያት እንደሰጠ ሆኖ መቅረቡ ነው። ገንዘቡም ሕጉም ከሱ ጋር ነበሩ፣ አላዳኑትም።

ደግሞ ማንንም አልጎዳሁም አትበል። እስክትሰርዘው ድረስ ያ ወንበር ተይዟል፣ ምናልባት ታማሚ ይዞ የሚሄድ ሰው «ሞልቷል» ተብሎ ተመልሶ ይሆናል። የምትበላውንም የሚከፍለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ አንድ ቻይናዊ የበረራውን ቀን ወደ 300 ጊዜ እያዛወረ ላውንጅ ሲመገብ ከርሞ ገንዘቡን እንዳስመለሰ ተዘግቦ ነበር፤ ሰዉ ብልጥ ነው ብሎ ሳቀ። ሲንጋፖር ውስጥ ግን ለመብረር ሳያስቡ በመሳፈሪያ ካርድ ወደ አየር ማረፊያው የተሳፋሪዎች ክልል መግባት በወንጀል ያስጠይቃል።

አሁን ምን ላድርግ ካልክ፣ ለንስሐ አባትህ ሳትደብቅ ንገራቸው። የበላኸውን ገምተህ እንዴት እንደምትክሰው እሳቸው ይምከሩህ፣ ዘኬዎስም የወሰደውን መልሷል። ማረፍ ከፈለግህ በክፍያ የሚያስገቡ ላውንጆች አሉ፣ ካልሆነም ዳቦ ቆሎህን ቋጥር። ለሚቀጥለው ጉዞ በዚህ መላ የገዛኸው ትኬት ካለ ዛሬውኑ ሰርዘው።