አምስቱንም በአንድ ቀን አትቀቢያቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ዱባይ ያለች እህትሽ ቫይታሚን ሲ ሴረም (ፊት ላይ የሚቀባ ስስ ፈሳሽ)፣ ሬቲኖል (የቫይታሚን ኤ ዓይነት)፣ ኒያሲናማይድ (የቫይታሚን ቢ ዓይነት)፣ ግላይኮሊክ አሲድ ያለበት ቶነር (ከታጠቡ በኋላ የሚቀባ ውኃ መሰል ፈሳሽ) እና ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት የፊት መታጠቢያ ልካልሻለች። ብጉር ጥሎብሽ የሄደውን ጥቁር ምልክት ቶሎ ለማጥፋት ብለሽ ሁሉንም ጠዋትና ማታ ትደራርቢያለሽ። አሁን ፊትሽ ያቃጥልሻል፣ አፍሽ አካባቢ ይላላጣል፣ ምልክቱም ጭራሽ ብሶበታል። «የትኛው ከየትኛው ጋር አይስማማም?» ነው ጥያቄሽ። እዚሁ ጅማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ለራሴም ፊት ከእነዚህ ውስጥ የምጠቀምባቸው አሉ። ስለዚህ የማውቀውን ሳልቆጥብ ልጻፍልሽ።

ከሁሉ በፊት ዛሬ ማታ አምስቱንም አስቀምጪ። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ፊትሽን ለብ ባለ ውኃና ሽታ በሌለው ለስላሳ መታጠቢያ ብቻ ታጠቢ፤ ገና እርጥበቱ ሳይደርቅ ቀለል ያለ ማለስለሻ ቅባት ተቀቢ፤ የተላላጠው ቦታ ላይ ማታ ማታ ስስ ቫዝሊን ይበቃል። ቀን ከቤት ስትወጪ የፀሐይ መከላከያ ክሬም አይቅር። ውኃ ሲነካሽ መቆጥቆጡ እስኪጠፋ ድረስ ሌላ ምንም አትጨምሪ። ብዙ ደንበኞቼ «ማቃጠሉ መድኃኒቱ መሥራቱ ነው» ይሉኛል። አይደለም። የቆዳው የላይኛው መከላከያ ተጎድቷል ማለት ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በእኛ ቆዳ ላይ ጉዳቱ እጥፍ ስለሆነ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ሲቆጣ፣ ቀለም የሚያመርቱት ሕዋሶች ሜላኒን በብዛት ያመነጫሉ። ብጉር ከዳነ በኋላ ጥቁር ምልክት የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። አሲድ ወይም ሬቲኖል ያቃጠለው ቦታም በዚያው መንገድ ይጠቁራል። ምልክት ለማጥፋት የተገዛው ክሬም አዲስ ምልክት ይተክላል ማለት ነው። በዚያ ላይ ነጣ ላለ ቆዳ የተጻፈው ምክር «ፊትሽ ከቀላ አቁሚ» ይላል፤ እኛ ላይ ግን መቅላቱ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። የምታዪው ሌላ ነው፦ ግንባርሽ ቅባት የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል፣ ስትነኪው ግን ደረቅና የተወጠረ ነው፤ ስትስቂ የከንፈርሽ ጥግ ይሳባል፤ ሁልጊዜ የምትቀቢው ተራ ቅባት ድንገት መቆጥቆጥ ይጀምራል። ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ያን ዕለት ማቆም ነው፤ ልጡ እስኪነሣ አትጠብቂ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እህትሽ ከላከችልሽ ውስጥ ከሁሉም ጋር የሚስማማው ኒያሲናማይድ ነው። ጠዋትም ማታም ይሆናል፤ ከ4 እስከ 5 በመቶ ያለው በቂ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ስላለ ውጤቱ የግድ ከፍ አይልም። ከቫይታሚን ሲ ጋር ከተገናኘ ሁለቱም ይበላሻሉ የሚለው ወሬ የመጣው ንጥረ ነገሮቹን በከፍተኛ ሙቀት ካቆዩ የድሮ ሙከራዎች ነው፤ ፊትሽ ላይ ያን ያህል ሙቀት የለም። ስለዚህ እሱን አትፍሪ።

ቫይታሚን ሲን ለጠዋት ተዪው። ፀሐይ በቆዳ ላይ የምታደርሰውን ጉዳት በከፊል ስለሚቀንስ ከመከላከያው ክሬም ሥር ሲሆን ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን መከላከያ አይደለም። ጠርሙሱን ወደ መስኮት አንሥተሽ ተመልከቺው። አስኮርቢክ አሲድ የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ውኃ የመሰለ ወይም በጣም ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ የሻይ መልክ ካመጣ አየርና ብርሃን አበላሽቶታልና ገንዘቡ ቢያሳዝንሽም ጣይው። ከሩቅ አገር በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደሞቀ አይታወቅም። ደህና ከሆነ ክዳኑን አጥብቀሽ ከብርሃን ርቆ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጪው።

ዋናው ጥንቃቄ ያለው ሬቲኖልና ግላይኮሊክ አሲድ ላይ ነው። አንዱ ሌላውን «ይመርዘዋል» ማለቴ አይደለም። ሁለቱም የቆዳውን የላይኛ ሽፋን ስለሚነኩ በአንድ ሌሊት ሲደራረቡ ቆዳው አይችላቸውም። መታጠቢያሽ ውስጥ ያለው ሳሊሲሊክ አሲድም ሦስተኛ ሆኖ ይቆጠራል፤ ብዙዎች «ይታጠባል እንጂ አይቀመጥም» ብለው ይረሱታል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንቱ ዕረፍት በኋላ ኒያሲናማይዱን ብቻ ጀምሪ፤ ሁለት ሳምንት በሰላም ካለፈ ሬቲኖሉን በሳምንት ሁለት ማታ ጨምሪ። ፊትሽ ከታጠበ በኋላ በደንብ ይድረቅ፤ ለመላው ፊት የአተር ፍሬ የምታክል ትበቃለች፤ የዓይን ዙሪያን፣ የአፍንጫ ጎንንና የከንፈር ጥግን ዝለያቸው። መጀመሪያ ማለስለሻውን፣ በላዩ ሬቲኖሉን፣ ከዚያ እንደገና ማለስለሻውን ብትቀቢ ኃይሉ ይለዝባል፤ ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። ወር ያለ ችግር ካለፈ አንድ ቀን እየዘለልሽ መቀባት ይቻላል።

ቶነሩስ? እኔ ብሆን ጨርሶ ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ። ሬቲኖሉ ከተለመደ በኋላ ካስፈለገሽ በሳምንት አንድ ማታ፣ ሬቲኖል በማትቀቢበት ቀን ይሁን። ሳሊሲሊክ መታጠቢያውን ደግሞ ወዛም የሆነው ግንባርሽና አፍንጫሽ ላይ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ተጠቀሚበት።

አስተያየት ከሰጡት እህቶች አንዷ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጨምሪበት ብላሻለች። ለብጉር ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን ከሬቲኖል ጋር በአንድ ሰዓት አይቀባም፤ ሬቲኖሉን ሊያበላሸው ይችላል፣ ቆዳንም ያደርቃል። አዳፓሊን የሚባለው የሬቲኖል ዘመድ ከእሱ ጋር ይስማማል፣ ሁለቱን በአንድ ጄል የያዘ መድኃኒትም አለ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ፎጣና የትራስ ልብስ እንደሚያነጣም እወቂ።

ስለ ፀሐይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ጅማ ላይ በጣም የሚናቀው እሱ ነውና። «ክረምት ነው፣ ደመና ነው፣ ፀሐይ የለም» ይባላል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ሆና የተቀመጠች ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳን የሚጎዳው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስስ ደመናም አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ከአጂፕ መርካቶ በባጃጅ ስትሄጂ ክፍት በሆነው ጎን ያለውን ጉንጭሽን ጨረሩ ያገኘዋል። ሒጃብ የምትለብሱም ብትሆኑ ፊት ክፍት ነው፤ በተጨማሪ የሻሹ ጠርዝ የሚፈትገው የአገጭ ዙሪያ ቶሎ ስለሚቆጣ ሬቲኖሉን እዚያ አሳሱት። መከላከያው ኤስፒኤፍ (ዕቃው ላይ የሚጻፈው የመከላከል አቅሙ ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ መጠኑ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ርዝመት ሙሉ የተዘረጋ ነው፤ ለፊትና ለአንገት። ውጭ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ማድያት ላለባችሁ ደግሞ ቡናማ ቀለም ያለው፣ ብረት ኦክሳይድ የገባበት ዓይነት ይሻላል፤ ዓይናችን የሚያየው ተራ ብርሃንም በእኛ ቆዳ ላይ ማድያትን ያባብሳልና። ኪስሽ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሴረሙን ትተሽ ይህን ግዢ። ያለ እሱ ሌላው ሁሉ ድካም ነው።

ቤት ውስጥ ስለሚሠራው ሁለት ነገር ልበል። ሎሚ ፊት ላይ አይጨመቅ፤ አሲዱ ኃይለኛ ነው፣ በላዩ ፀሐይ ሲጨመርበት አቃጥሎ ያጠቁራል። የቡና አተላም ለፊት አይሆንም፤ ሻካራ ቅንጣቱ የተቆጣ ቆዳን ይፍቃል። ጸጉርሽን ቅቤ ከተቀባሽ ግንባርሽ ላይ ወርዶ እንዳያድር በሻሽ ያዢው፤ ግንባር ዳር ላይ ብቻ የሚወጣ ጥቃቅን ብጉር ብዙ ጊዜ ከጸጉር ቅባት ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ከእነዚህ ጋር «የሚያቀላ ክሬም» አብረሽ የምትቀቢ ከሆነ፣ ስሙ ያልተጻፈበት ቅይጥ ከሆነ ወይም ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል ካለበት ንገሪኝ። እነዚህ ለሕመም በሐኪም የሚታዘዙ ስቴሮይዶች ናቸው፤ ፊት ላይ ሲቆዩ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያመጣሉ፣ ድንገት ሲቋረጡም ፊት ይቆጣል። ወራት የተጠቀመች ሴት በራሷ ከማቆሟ በፊት የቆዳ ሐኪም ጋ ትሂድ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ ካሰብሽ ደግሞ ሬቲኖሉን አትንኪው፤ በምትኩ አዜላይክ አሲድ ለብጉሩም ለምልክቱም ይሆናል፣ በእርግዝናም ይፈቀዳል።

ውጤቱን በሳምንት አትጠብቂ። ሬቲኖል 12 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ ጥልቅ የሆነ ጥቁር ምልክት ከዚያም ይበልጣል። በየወሩ በአንድ መስኮት ሥር፣ በአንድ ሰዓት ፎቶ ብታነሺ ለውጡን ታዪዋለሽ፤ በየቀኑ መስታወት ማየት አይነግርሽም።

የሬቲኖሉን መጠን አልጻፍሽም። ካርቶኑ ላይ 1 በመቶ ካለ ለጀማሪ ይከብዳልና አትቀቢው፤ 0.2 ወይም 0.3 ከሆነ ከላይ እንዳልኩሽ ቀጥዪ። የሁሉንም ጀርባ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አንድ በአንድ አየዋለሁ።